የድረ ገጽ ዲዛይነር የዕለት ሥራ

«ድር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያሳስባል። አንደኛው የሸረሪት ድር ነው፤ ሁለተኛው ሸማኔው በቁመት የሚዘረጋው ፈትል ነው። «ድረ ገጽ» የሚለው ስም የመጣው ከመጀመሪያው ይመስላል፤ የእንግሊዝኛውን ቃል የተከተለ ነውና። ለዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ይልቁን የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ሸማ የሚገዛ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው በጥለቱ ላይ ነው፤ ልብሱን ልብስ የሚያደርገው ግን ድርና ማጉ ነው። እንደዚሁም በተማሪዎች መካከል ስለ ድረ ገጽ ዲዛይነር ሲነሣ የሚሰማው ስለ ቀለምና ስለ ጌጥ ብቻ ነው፤ አንዳንዶችም ሙያውን ከሥዕል ሥራ ጋር አንድ አድርገው ይቆጥሩታል። ባለሙያው ከጧት እስከ ማታ በምን እንደሚያዝ፣ በተለይም ገጹ በአማርኛ ሲሆን ምን እንደሚገጥመው ለማስረዳት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

ነገሩ ከተጀመረ ገና አርባ ዓመት አልሞላውም። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ጽሑፎችን እርስ በርሳቸው የሚያያይዝ ዘዴ እንዲሠራ አሳብ አቀረበ። በ1991 እ.ኤ.አ. ሥራው ከተቋሙ ውጭ ላሉ ሰዎች ተገለጠ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተቋሙ ማንም ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ፈቀደ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገጽ ማለት ጽሑፍና ማያያዣ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም። ሲኤስኤስ የተባለው የመልክ ማስተካከያ ቋንቋ በ1996 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ግን የጽሑፉን ይዘት ከመልኩ ለይቶ ማዘጋጀት ተቻለ፤ በእኔ አስተያየት የዲዛይነሩ ሙያ ራሱን ችሎ የቆመው ከዚህ ወዲህ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ስል ባለፈው ክረምት ጥቂት ቀን በመገናኛ አካባቢ በአንዲት ዲዛይነር ቢሮ ተቀምጬ ሥራዋን ተመልክቻለሁ። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለ ፈለገች «ባለሙያዋ» እያልሁ እጠራታለሁ። ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ኮምፒውተር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው፤ በመሳቢያው ውስጥም አራት አሮጌ ስልኮች አሉ። የስልኮቹን ጥቅም ኋላ እገልጻለሁ።

ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትገባ አስቀድማ የምትከፍተው የመንደፊያ መሣሪያዋን ሳይሆን ቴሌግራምን ነው። በዚያን ጊዜ ሦስት ሥራ በአንድነት ይዛ ነበር፤ የአንድ ክሊኒክ፣ የአንድ የግል ትምህርት ቤትና የአንድ ቡና ላኪ። ሦስቱም ማታውን መልእክት ልከውላታል፤ ከሦስቱ አንዱም ግን የሚፈለገውን ነገር አልላከም። የሚፈለገው ጽሑፍ ነው። ትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ወረቀቱን በስልክ አንሥቶ ፎቶግራፉን ልኳል፤ ቡና ላኪው አሳቡን በድምፅ ቀርጾ ልኳል፤ የክሊኒኩ ባለቤት ደግሞ «እህቴ፣ ጽሑፉን አንቺው አሳምረሽ ጻፊው፤ ሎጎው ግን ትንሽ ከፍ ይበል» ብለዋል። እርስዋም ፎቶግራፉን ስትገለብጥ፣ ድምፁን ስታዳምጥ፣ ክሊኒኩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ደውላ ስትጠይቅ አራት ሰዓት ሆነ። ከጧቱ ሥራ አብዛኛው የጸሐፊ ሥራ መሆኑ ለእኔ ያልጠበቅሁት ነበር። እርስዋ ግን ልማዱን ታውቀዋለች፤ የሚገባውን ሰው ሳያውቅ ቤት የሚሠራ አናጢ ኋላ ማፍረስ ያመጣበታል ትላለች።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የቅደም ተከተል ነው፤ በስልክ መስኮት ላይ መጀመሪያ የሚታየው ምን ይሁን? በዚህ ነገር በባለሙያዋና በክሊኒኩ ባለቤት መካከል ሁለት ቀን የፈጀ ክርክር ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። የፈለጉት ከላይ የሕንፃው፣ የላቦራቶሪውና የራሳቸው ፎቶግራፎች እየተፈራረቁ እንዲያልፉ ነበር። እርስዋ ደግሞ «ጋሼ፣ ልጇ በሌሊት ያተኮሰባት እናት የምትፈልገው የስልክ ቁጥሩንና ሌሊት ሐኪም መኖሩን ነው፤ ፎቶግራፉን ለማየት ጊዜ የላትም» አለቻቸው። እርሳቸውም ክሊኒኩ ትልቅ መሆኑ ካልታየ ማን ይመጣል ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ሰው ሐኪም ቤት ሲመርጥ ግርማውን እንደሚመለከት የታወቀ ነው።

ነገሩን የወሰነው ሒሳብ ነው። በዛሬ ካሜራ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አምስት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለ ሆነ ይህ አርባ ሜጋቢት ማለት ነው። መስመሩ በሴኮንድ አንድ ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ አንዱን ፎቶግራፍ ለማውረድ አርባ ሴኮንድ፣ ሦስቱን ለማውረድ ሁለት ደቂቃ ያስፈልጋል። ያው ፎቶግራፍ መጠኑ ተቀንሶ 150 ኪሎባይት ቢሆን ግን ከአንድ ሴኮንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ባለሙያዋ ይህን በቃል አላስረዳቻቸውም። ከመሳቢያው እጅግ ያረጀውን ስልክ አውጥታ ገጹን እርሳቸው እንደ ፈለጉት አድርጋ ከፈተችና በእጃቸው ሰጠቻቸው። እርሳቸውም ጥቂት ጠብቀው «ተበላሽቷል እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀለል ያለ ፎቶግራፍ ከታች እንዲሆን፣ ቁጥሩ ከላይ እንዲሆን ተስማሙ። አሮጌዎቹ ስልኮች የሚጠበቁት ለዚህ ነው፤ ለብዙ አንባቢ ኮምፒውተሩ ስልኩ ነው፤ ስልኩም አዲስ ላይሆን ይችላል። አንድ ገጽ እንደ መስኮቱ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል የማድረግን ዘዴ አሜሪካዊው ኢታን ማርኮት በ1990ዎቹ መጨረሻ ሳይሆን በ2010 እ.ኤ.አ. ነው በጽሑፍ ያሰራጨው። እንግዲህ ዛሬ ማንኛውም ዲዛይነር እንደ ደንብ የሚቆጥረው ነገር ይህን ያህል አዲስ ነው።

በጉዳዩ ውስጥ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚገባን የፊደሉ ነገር ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መለያ ሥርዓት ግዕዝን የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ በላቲን ፊደላት ቦታ ተደብቆ የሚኖር እንግዳ ነበር። ጸሐፊው የተጠቀመበት ፎንት አንባቢው ዘንድ ከሌለ «ሰላም» የሚለው ቃል ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። ዛሬ ይህ ችግር በአብዛኛው አልፏል፤ ሆኖም ቅሪቱ አልጠፋም። ደንበኞች አንዳንድ ጊዜ በቀድሞው ዘዴ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ይልካሉ፤ ያን እንደገና መጻፍ ወይም በመለወጫ ማሳለፍ ግድ ነው። ብዙ ሰዎችም አራት ነጥብን «።» በመጻፍ ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታሉ። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለማሽኑ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ሌሎች ደግሞ ከአራት ነጥቡ በፊት ክፍት ቦታ ይተዋሉ፤ በጠባብ መስኮት ላይ ምልክቱ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ወርዶ እንደ ጠፋ በግ ይቆማል። ባለሙያዋ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ እነዚህን ስትለቅም አይቻለሁ። ይህን ሥራ ማንም አያመሰግናትም፤ ገጹ ሲያምር የሚመሰገነው ቀለሙ ነው።

ፍለጋም እንዲሁ ነው። ሦስት ዓይነት ሀ፣ ሁለት ዓይነት ሰ፣ ሁለት ዓይነት አ፣ ሁለት ዓይነት ጸ ስላሉን በአማርኛ አንዱ ሰው «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ይላል። እንዲህ ያለ ቃል በሚፈለግበት ሳጥን ውስጥ ማሽኑ ፊደሎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልታዘዘ ፈላጊው «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ አግኝቶ ይመለሳል። የትምህርት ቤቱ ገጽ ወላጆች የልጃቸውን ስም ጽፈው ውጤት እንዲያዩ የታሰበ ስለ ነበር ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። «ሐና» እና «ሃና» ለመዝገቡ ሁለት ልጆች ናቸው።

የአማርኛ ትእዛዝ ቃልም ጾታ አለው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚለውን እኛ «ግባ» እንበል፣ «ግቢ» ወይስ «ይግቡ»? ብዙ ገጾች ሳያስቡበት «አስገባ»፣ «ላክ» እያሉ ሴቲቱን እንደ ወንድ፣ አዛውንቱን እንደ ልጅ ያዛሉ። ባለሙያዋ ሲቻል በአክብሮት «ይላኩ»፣ ሳይቻል በስም «መግቢያ»፣ «መላኪያ» ትላለች። በእኔ በኩል የስሙ መንገድ የተሻለ ይመስለኛል፤ አጭር ነው፤ ማንንም አያዝዝም።

በውጭ አገር ልማድ የተሠሩ የመሙያ ቅጾች የሚያመጡት ችግር ከዚህ ይከፋል። ቅጹ የራስን ስምና የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ የቤተ ሰብ ስም የሌለን እኛ የአባታችንን ስም እንሞላለን፤ ማሽኑም ኋላ «ውድ አቶ» ብሎ በአባት ስም ይጽፋል። ደብዳቤው ለልጁ ሳይሆን ለአባትየው የተላከ ይመስላል። የወሮቹ ዝርዝር አሥራ ሁለት ብቻ ስለ ሆነ በጳጉሜን የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ሰዓቱ ነው። ለክሊኒኩ የተመረጠው የቀጠሮ መያዣ ከውጭ የተገኘ ዝግጁ ፕሮግራም ሲሆን ሰዓቱን በአውሮጳ አቆጣጠር «9:00» ብሎ ያሳያል፤ ይኸውም ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። የአማርኛ አንባቢ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ አንብቦ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመጣል። ለመርፌ ወይም ለምርመራ ሳይበላ የተቀጠረ ሕመምተኛ ከሆነ ጉዳቱን መገመት አያዳግትም። ባለሙያዋ ይህን አንድ ነገር ለማስተካከል አንድ ቀን ተኩል ወሰደባት፤ ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ከነ«ጧት»ና «ማታ» እንዲወጣ፣ በአጠገቡም የአውሮጳው በትንሽ ፊደል እንዲታይ አደረገች። በደረሰኙ ላይ ግን ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ዋጋ አልተጻፈለትም፤ ደንበኛው ያላየው ሥራ ስለ ሆነ።

ዛሬ በጥያቄ ብቻ ገጽ የሚሠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አሉ። እርስዋም ለኮዱ ትጠቀምባቸዋለች፤ ፈጣኖች ናቸው ትላለች። በአየኋቸው ቀናት ግን ከመሣሪያው የወጣው ቅጽ አሥራ ሁለት ወር ነበረው።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም፤ ሰው የሚያውቀው እርሱን ነውና። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ቡና ላኪው በነጭ ላይ ነጣ ያለ ወርቃማ ጽሑፍ ፈልጎ ነበር፤ ልዩነቱ ተለክቶ ከልኩ በታች ሆነ። የእኛ ፊደል ደግሞ ጭረቱ ብዙ ነው፤ «ጨ»ን ከ«ጬ» የሚለይ ነገር ትንሽ ቅጥያ ብቻ ስለ ሆነ፣ ፊደሉ ሲደበዝዝና ሲያንስ ከላቲኑ ቀድሞ የሚጠፋ ይመስለኛል። ላኪው ወርቁን ለአርእስት ብቻ አስቀርቶ ጽሑፉ ጥቁር ቡናማ እንዲሆን ፈቀደ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ባለሙያዋ አልተደናገጠችም፤ ሥራዋን በየጥቂት ደቂቃው የማስቀመጥ ልማድ አላት፤ የቀረውን በስልኳ ኢንተርኔትና በላፕቶፑ ባትሪ ቀጠለች። በዚያ ሰዓት የሠራችው የንድፍ ሥራ አልነበረም። ቀብድ ብቻ ከፍሎ የጠፋ ደንበኛ በትሕትና አስታወሰች፤ ከዚያም ከዓመታት በፊት የሠራቻቸውን ገጾች ዝርዝር ከፍታ የስም ኪራያቸው የሚያልቅበትን ቀን ተመለከተች። የድረ ገጽ ስም የሚከራይ እንጂ የሚገዛ አይደለም፤ ኪራዩ ካልታደሰ ገጹ ይዘጋል፤ ስሙንም ጊዜው ካለፈ በኋላ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። በዝርዝሩ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን የቀረው አንድ ስም ነበር። ባለቤቱ ስልክ አላነሣም፤ እርስዋም መልእክት ጻፈችለት፤ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አደረገችው።