አጥንት ካዝና ብቻ አይደለም

ክብረ መንግሥት የወርቅ አገር ናት፤ ሀብት ተደብቆ እንደሚቀመጥ እዚህ ሕፃንም ያውቃል። ኢኮኖሚክስ ተምሬ አጥንትን የማየው እንደ ካዝና ነበር፦ የሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው እዚያ ይቀመጣል፣ ደም ሲያጥረው ወጪ ይደረጋል።

እናቴ ስኳር ከተገኘባት ወዲህ ግን ማንበብ ጀመርኩ። ለካ አጥንት እንደ ብሔራዊ ባንክ መመሪያም ያወጣል! ኤፍጂኤፍ23 የሚባለው ሆርሞን ከአጥንት ሴሎች ተነስቶ ኩላሊትን «ፎስፌቱን በሽንት አስወጣ» ይለዋል። ይሄ የተረጋገጠ ነው።

አከራካሪው ኦስቲዮካልሲን ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ጄራርድ ካርሰንቲና ባልደረቦቹ፣ ይህ ሆርሞን የሌላቸው አይጦች ስብ እንደሚያበዙ፣ ኢንሱሊናቸውም እንደሚያንስ ጻፉ። በ2020 ግን ሌሎች ሁለት ቡድኖች ያንኑ ጂን አጥፍተው ሲያዩ የአይጦቹ ስኳር አልተዛባም።

ታዲያ አንድ ቀን እማዬ «የአጥንት መረቅ ስኳር ያድናል» የሚል ቪዲዮ ስልኬ ላይ አይታ «እንግዲህ ኪኒኑን ልተወው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ኦስቲዮካልሲን ፕሮቲን ነው፤ ሲጠጣ እንደ ማንኛውም ሥጋ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። «እማዬ፣ መረቁን ለጣዕሙ ጠጪ፣ ኪኒንሽን ግን እንዳታቋርጪ» አልኳት።

አሁን ማታ ማታ አብረን በእግራችን ወክ እናደርጋለን። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ስኳር ይወስዳል፣ አጥንትም ክብደት ሲሸከም ይጠነክራል። ይሄኛው ክርክር የለበትም።