ቢፈላም የማይጠራ ውኃ

ውኃ ሲጠረጠር እናቶቻችን ያፈሉታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ክሎሪን ያለበትን ማከሚያ ‹‹ውኃ አጋር ጨምሩበት›› ትላለች። ሁለቱም ለተቅማጥና ለታይፎይድ ጀርም ይበጃሉ፤ ከሽንት ቤት ፍሳሽና ከማዳበሪያ ወደ ውኃ የሚገባውን ናይትሬት የተባለ ውሕድ ግን አይነኩትም። ማፍላት እንዲያውም ያከማቸዋል፤ ውኃው ሲተን ናይትሬቱ ድስቱ ውስጥ ይቀራልና። ሽታም፣ ቀለምም፣ ጣዕምም ስለሌለው በምላስ አይታወቅም።

ጉዳዩ በአገራችን ጎልቶ የታየው ድሬዳዋ ላይ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ከላዩ ደግሞ ለዘመናት የተቆፈረ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። ፍሳሹ ሰርጎ ብዙ የውኃ ጉድጓዶች በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ናይትሬት ተገኘባቸው። 50 የዓለም ጤና ድርጅትም የኢትዮጵያ ደረጃም የመጨረሻ ወሰን ነው። በአዲስ አበባ መሃል ያሉ ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶችም በዚሁ ተበክለዋል።

ወሰኑ የተነሣው ከሕፃናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካዊው ሐኪም ሃንተር ኮምሊ በአዮዋ ገጠር በጉድጓድ ውኃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ጨቅላዎች ሰውነታቸው ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ መመልከቱን ጻፈ። ናይትሬቱ ሆድ ውስጥ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎት ነበር። ለአዋቂም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ከ50 እጅግ ባነሰ መጠንም የትልቁ አንጀት ካንሰር ሥጋት ከፍ ብሎ አግኝቷል።

ይህ በአዊ ለምትገኘው ለአዘና ከተማ ሩቅ ወሬ አይደለም። አዘና ባለችበት በአየሁ ጓጉሳ ወረዳ ማሳ ላይ የዩሪያ ማዳበሪያ ይበተናል፤ ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ነው፤ እሱም አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አብዛኛው የአዊ አፈር አሲዳማ ስለሆነ የሰብሉ ሥር በደንብ አይሰድም፤ ሥሩ ያልወሰደውን የክረምቱ ዝናብ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ አሲዳማነቱን ለመቀነስ በማሳው ላይ ኖራ መጨመር የምርት ብቻ ሳይሆን የጉድጓዱም ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። አዘና ስትሰፋ ደግሞ ሽንት ቤቱ ይበዛል።

አዲስ ጉድጓድ የምትቆፍሩ፣ ከሽንት ቤትና ከከብት በረት ከፍ ባለው በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቃችሁ ቆፍሩ። ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ የእናት ጡት ብቻ ስጡ፤ ናይትሬት በጡት ወተት ብዙም አያልፍም። የከተማውን ውኃ የምትመሩ ደግሞ ጀርሙን ስትመረምሩ ናይትሬቱንም ለኩ፤ ከክረምት በፊትና በኋላ፤ ውጤቱንም ለነዋሪው ንገሩት።