የበጋ እሳትና የነጋዴው ድርሻ

በምዕራብ ሸዋ የመኸሩ ሰብል ወደ ገበያ የሚገባበት ወራት የነጋዴው ዋና የሥራ ወራት ነው። ነገር ግን ያው ወራት ሣሩ የሚደርቅበት፣ ነፋሱ የሚበረታበት፣ ይልቁንም ከየካቲት ወዲህ እሳት እጅግ የሚያሰጋበት መሆኑን ብዙዎቻችን አናስብም። የደን ቃጠሎ የገበሬውና የደን ጠባቂው ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የወንጪ ሐይቅ በመካከሉ ደሴት እንዳለው የታወቀ ነው። በጊንጪ አጠገብ የሚገኘው የጪሊሞ ደንም ዙሪያውን በእርሻ ማሳ ተከቦ እንደ ደሴት የቀረ ነው። እንዲህ ያለው ደን አንድ ጊዜ ከተቃጠለ ዘር የሚልክለት ጎረቤት ደን በቅርብ ስለሌለው ቶሎ አያገግምም። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅሉበት ይህ ደን የሚገኘው የአዋሽ ወንዝ ከሚነሣበት አካባቢ ነው። አዋሽም ወርዶ የቆቃን ግድብ ይሞላል፤ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። ዛፍና ሣር የተገፈፈ ተዳፋት የክረምቱን ዝናብ አይዝምና ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ ምንጩም በበጋ ይደክማል። ስለዚህ በጊንጪ ኮረብታ ላይ የሚነሣ እሳት ጉዳቱ እስከ ሩቅ ገበያ ይደርሳል።

አደጋው በአገራችን ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. በበጋው ወራት በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አዳርሷል። ወታደሩና ተማሪው ዘምቶ፣ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መጥተው ብዙ ደከሙ፤ እሳቱ ፈጽሞ የበረደው ግን ዝናብ ሲጥል ነበር። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቃጠሎ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጥተዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ የተስፋፋን እሳት ማጥፋት ለመንግሥት እንኳ ከባድ ሲሆን አስቀድሞ መከላከሉ ግን በአካፋና በማጭድ የሚቻል መሆኑን ነው።

እሳት ለመኖር ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ እነርሱም የሚቃጠል ነገር፣ አየርና ሙቀት ናቸው። መከላከል ማለት ከሦስቱ አንዱን መንሣት ነው። በተዳፋት ላይ የሚወጣ እሳት ከፊቱ ያለውን ሣር እያደረቀ ስለሚሄድ በሜዳ ካለው ይፈጥናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለበት አጥብቆ ይነድዳል፤ የልጡም ፍንጣሪ በነፋስ ተወስዶ ርቆ ይወድቃል። መነሻው ብዙውን ጊዜ የሰው እጅ ነው፤ ማር ቆራጭ የጣለው ችቦ፣ ከሰል አክሳይ በሚገባ ሳያጠፋ የተወው ክምር፣ ወይም ለግጦሽና ለእርሻ ተብሎ የተለኮሰ ሣር ይሆናል።

እሳት ከሜዳ ተነሥቶ የንግድ ከተማን እንዴት እንደሚያጠፋ በሃዋይ ደሴቶች ተመልክተናል። በማዊ ደሴት ላሃይና በተባለችው ከተማ ዙሪያ የነበረው የሸንኮራ እርሻ ከተተወ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ስፍራውን ረጅም ደረቅ ሣር ወርሶት ነበር። ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተነሣ እሳት የጠፋ መስሎ ሳለ ከሰዓት በኋላ እንደገና ተቀሰቀሰ። ብርቱ ነፋስም ወደ ከተማይቱ ነዳው። መቶ ያህል ሰው ሞተ፤ ከ2 ሺህ በላይ ሕንፃም ወደመ። ሱቆችና ሆቴሎች ከነዕቃቸው ዐመድ ሆኑ። ሁለት ትምህርት እናገኝበታለን፤ ያልታጨደ ሣር ለከተማ ጠላት መሆኑን፣ የተዳፈነ ፍምም ያለ ጠባቂ የማይተው መሆኑን።

እንግዲህ ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ባኮ በመንገዱ ዳር የሚሠራ ነጋዴ ሊፈጽማቸው የሚገቡ ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በመጋዘኑና በአጣናው ክምር ዙሪያ ቢያንስ 10 ሜትር ስፋት ያለውን ሣርና ቅጠል ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ያስጠርግ።

ሁለተኛ፣ ቤንዚንና ላምባ ከእህል፣ ከጆንያና ከማገዶ ተለይተው ይቀመጡ፤ አሸዋና አካፋም በቅርብ ይዘጋጁ።

ሦስተኛ፣ ከሰል የሚገዛ ነጋዴ ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ይግዛ፤ ያልቀዘቀዘ ከሰልም አይጫን፣ በጉዞ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ዳግመኛ ይነድዳልና።

አራተኛ፣ ማር ነጋዴው ለዘመናዊ ቀፎ ማር የተሻለ ዋጋ ቢሰጥ፣ በችቦ ከዛፍ ላይ መቁረጥ እየቀረ ይሄዳል። ዋጋ ከምክር ይልቅ ይሰማልና።

አምስተኛ፣ የመድን ውሉን አንብቦ፣ ከሜዳና ከጫካ የሚመጣ እሳት የተካተተ መሆኑን ያረጋግጥ። ንብረቱን ከዋጋው በታች ያስመዘገበ ሰው፣ ጉዳት ሲደርስበት ካሳውም በዚያው መጠን ሊቀነስበት ይችላል፤ የ1 ሚሊዮን ብር ዕቃ በ500 ሺህ ብር ቢመዘገብ፣ ለ200 ሺህ ብር ጉዳት የሚከፈለው 100 ሺህ ብር ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ የጥቂት ቀን የቀን ሠራተኛ ደመወዝና ጥቂት ጥንቃቄ ነው። ሣሩን በጊዜው ያላሳጨደ ግን የሚከፍለው ሒሳብ የብዙ ዓመት ድካሙ ዋጋ ይሆናል።