ዘግይቶ የሚገባ ኮድና የፐርል ፕሮፋይለሮች

የፐርል ፕሮግራም የቱ ጋ እንደሚንቀረፈፍ የሚነግረን መሣሪያ ፕሮፋይለር ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ማን ስንቴ ተጠራ፣ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ ብሎ መመዝገብ። ፐርል ግን ኮዱን ሁሉ ከመጀመሪያው አያውቀውም። በ«ዩዝ» የተጠራ ሞጁል ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ ይገባል፤ «ሪኳየር» ግን ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። «ኢቫል» ተራ ጽሑፍ የነበረውን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ኮድ ያደርገዋል። «ኦቶሎድ» ደግሞ የሌለ ሰብሩቲን ሲጠራ ብቅ ብሎ እዚያው ሊፈጥረው ይችላል።

ለረጅም ጊዜ ከፐርል ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው ዲፕሮፍ የሚቆጥረው በሰብሩቲን ብቻ ስለነበር መስመር ለይቶ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ፐርል 5.16 ከዋናው ስርጭት ወጥቷል፤ ብዙም አልናፈቀኝም።

ቦታውን የያዘው ኤንዋይቲፕሮፍ ነው። አዳም ካፕላን በኒውዮርክ ታይምስ ሲሠራ ፋስትፕሮፍ በተባለ መሣሪያ ላይ ተመሥርቶ ጻፈውና በ2008 ይፋ ሆነ፤ ስሙም ከጋዜጣው ነው። የፐርል ዳታቤዝ ሞጁል የሆነው የዲቢአይ ደራሲ ቲም ባንስ ተረክቦ አሰፋው። መስመሩንም ሰብሩቲኑንም ይለካል። በ«ኢቫል» የተወለደን እያንዳንዱን ኮድ እንደ ፋይል ቆጥሮ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከየትኛው መስመር እንደመጣም ይጽፋል።

መሣሪያው ቢሻሻልም አንባቢውን የሚያሳስት ነገር አልጠፋም፤ አማካዩ። አንድ ሰብሩቲን ሺህ ጊዜ ተጠራ እንበል። የመጀመሪያው ጥሪ ሞጁል ከዲስክ አንብቦ ኮምፓይል ለማድረግ 200 ሚሊሰከንድ ወሰደ፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው 0.1 ብቻ። ጥቅል ጊዜው 300 ገደማ፣ አማካዩ 0.3 ይሆናል፤ ከተለመደው ጥሪ በሦስት እጥፍ ያበጠ ቁጥር። ፐርል የጫነውን ፋይል መዝግቦ ስለሚይዝ ሁለተኛው «ሪኳየር» ወዲያው ይመለሳል። ለቀናት ለሚሠራ ሰርቨር ይህ የመጀመሪያ ጭነት ዕዳ ከቁም ነገር አይገባም፤ በየደቂቃው ተነስቶ ለሚሞት አጭር ስክሪፕት ግን ዋናው ወጪ እሱ ነው። ስለዚህ ሰርቨር ስትለኩ ፕሮፋይለሩን አጥፍታችሁ አስጀምሩና ሞጁሎቹ ከተጫኑ በኋላ ከኮዱ ውስጥ አብሩት።

«ኢቫል» ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም፤ ያው ጽሑፍ ሺህ ጊዜ ቢሰጠው ሺህ ጊዜ ኮምፓይል ያደርጋል። በሪፖርቱ ከአንድ መስመር የተወለዱ ብዙ ኢቫሎች ካያችሁ ጽሑፉን አንዴ ብቻ ኮምፓይል አድርጋችሁ ስም የለሽ ሰብሩቲን አድርጉትና እሱን ጥሩ።