ከመጠን ያለፈ የውሻ ጩኸት

ከመጠን ያለፈ የውሻ ጩኸት የሚባለው ውሻ ያስጮኸው ነገር ካለፈ በኋላም ሳያቋርጥ ሲጮህ ወይም በሰማው ድምፅ ሁሉ ሲጮህ የሚታይ ጠባይ ነው። መጮህ የውሻ ተፈጥሮ ስለሆነ የሥልጠናው ዓላማ ውሻውን ድምፅ አልባ ማድረግ ሳይሆን፣ ካስጠነቀቀ በኋላ ዝም ማለትን ማስተማር ነው። ችግሩ የባለቤቱንና የጎረቤቱን እንቅልፍ ከመንሳት አልፎ ውሻው እንዲደበደብ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲታሰር ወይም ከቤት እንዲጣል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ውሻ ለምን ይጮሃል?

ውሻ ከተኩላ የተገኘ ለማዳ እንስሳ ነው። ጎልማሳ ተኩላዎች የሚጮሁት አልፎ አልፎ፣ በተለይም አደጋን ለማስጠንቀቅ ሲሆን፣ ውሾች ግን በብዙ አጋጣሚዎች ይጮሃሉ። ሆኖም ሁሉም ዝርያ እኩል አይጮህም። መነሻው መካከለኛው አፍሪካ የሆነው ባሴንጂ እንደ ሌሎች ውሾች ደጋግሞ ስለማይጮህ «የማይጮኸው ውሻ» ይባላል።

በቡዳፔስት የኤትቬሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የተቀረጸ ጩኸት ብቻ ሰምተው ውሻው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በግምት ከሚገኘው ውጤት በተሻለ መለየት እንደሚችሉ አሳይተዋል። የተለመዱት የጩኸት ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

- ግቢን መጠበቅ፦ በር ሲንኳኳ ወይም በአጥሩ አጠገብ ሰው ሲያልፍ
- ፍርሃት፦ ነጎድጓድ፣ ርችት ወይም የማያውቀው ነገር ሲያጋጥም
- መሰልቸት፦ ውሻው ሳይንቀሳቀስና ሳይጫወት ሲውል
- ትኩረት ፍለጋ፦ ምግብ ወይም ጨዋታ ሲፈልግ
- ብቸኝነት፦ ቤተሰቡ ጥሎት ሲወጣ
- ሕመም ወይም እርጅና

ጩኸቱ እንዴት ልማድ ይሆናል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ ሳጥን ውስጥ የተዘጉ ድመቶች በሩን የሚከፍትላቸውን ድርጊት በሙከራ አግኝተው ቀስ በቀስ እንደሚደጋግሙት አሳየ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህን ሐሳብ በኋላ አስፋፋው። ፍሬ ነገሩ ጥሩ ውጤት ያስገኘ ድርጊት ይደጋገማል የሚል ነው።

ለምሳሌ «ቆራሌው» እያለ በደጅ የሚያልፍ ሰው ላይ ውሻ ይጮሃል፤ ሰውየውም ይሄዳል። የሄደው መንገደኛ ስለሆነ ነው፤ ለውሻው ግን ጩኸቱ ያባረረው ይመስለዋል። ስለዚህ በማግስቱም ይጮሃል። በተመሳሳይ፣ በጮኸ ቁጥር ምግብ የሚሰጠው ውሻ ምግብ በጩኸት እንደሚገኝ ይማራል።

የማሠልጠኛ ዘዴዎች

1. ምክንያቱን መለየት፦ ውሻው መቼ፣ የትና በምን እንደሚጮህ ለጥቂት ቀናት ይመዘገባል። ጩኸቱ በድንገት የጀመረ ከሆነ በመጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት።

2. መንስኤውን መቀነስ፦ መንገዱ የሚታይበትን የአጥር ክፍተት መሸፈን፣ ውሻውን በየቀኑ ማንሸራሸርና ማጫወት።

3. «ዝም» የሚለውን ቃል ማስተማር፦ ውሻው ሲጮህ ቃሉ በተረጋጋ ድምፅ አንድ ጊዜ ይነገራል። ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ዝም እንዳለ ወዲያውኑ ትንሽ ሥጋ ወይም ሌላ የሚወደው ነገር ይሰጠዋል። ከዚያ የዝምታው ጊዜ ወደ 5፣ ወደ 10 ሰከንድ እያለ ይረዝማል። ሽልማቱ ከዘገየ ውሻው በምን እንደተሸለመ አይረዳም።

4. ማለማመድ፦ የሚያስጮኸው ነገር በመጀመሪያ ከሩቅ ወይም በዝቅተኛ ድምፅ ይቀርብለታል፤ በዚያው ጊዜ ምግብ ይሰጠዋል። ርቀቱ የሚቀንሰው ውሻው ሲረጋጋ ብቻ ነው። ብቻውን መቅረት ለሚፈራ ውሻም ባለቤቱ መጀመሪያ ለሰከንዶች፣ በኋላ ለደቂቃዎች እየወጣ ይመለሳል።

5. ትኩረት ለመሳብ ለሚጮህ ውሻ ምላሽ አለመስጠት፦ ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት ለጊዜው ሊብስ ይችላል። በዚህ ሰዓት መሸነፍ ውሻው አብዝቶ መጮህ እንደሚያዋጣ እንዲማር ያደርጋል። ስለዚህ የቤቱ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ደንብ መከተል አለባቸው።

የማይመከሩ ዘዴዎች

በውሻው ላይ መጮህ ውሻውን ይበልጥ ሊያነሳሳው ይችላል። ድብደባ ደግሞ ፍርሃትን ይጨምራል፤ የፈራ ውሻም ሊናከስ ይችላል። ውሻ ሙቀቱን የሚቀንሰው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ አፉን ጥብቅ አድርጎ ማሰር አደገኛ ነው። በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአውሮፓ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነትም ድምፅን ለማጥፋት የሚደረግ ቀዶ ጥገናን ይከለክላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ብዙ ውሾች የሚኖሩት ግቢ ለመጠበቅ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ተረትም ጩኸትን ከታማኝነት ጋር ያያይዛል። ብዙ የግቢ ውሾች ቀን ታስረው ይውሉና ማታ ይለቀቃሉ። የታሰረ ውሻ የሚያየውን ነገር ቀርቦ ማሽተትም ሆነ መሸሽ ስለማይችል ጩኸት ያበዛል። ሌሊት ደግሞ ጅብ ሲመጣ የአንዱ ጩኸት የሰፈሩን ውሾች ሁሉ ያስነሳል።

አንዳንድ ባለቤቶች የሠለጠነ ውሻ ሌባ ሲመጣም ዝም ይላል ብለው ይሠጋሉ። ሥልጠናው ግን የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ አያስቀርም፤ ባለቤቱ ሰምቶ «ዝም» ሲል እንዲያቆም ያስተምራል እንጂ። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ውሻን የቤቱ ሰዎች ስለሚለምዱት፣ እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ተነስቶ የሚያይ ላይኖር ይችላል።