ከበሶ፣ ከኦቾሎኒና ከተምር ሳይጋገር የሚዘጋጅ ስንቅ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በሶ፣ ቆሎና ጭኮ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ስንቅ ናቸው። አንዴ ከተዘጋጁ በኋላ እንደገና እሳት አይፈልጉም፤ ለመያዝ አይከብዱም፤ ቶሎም አይበላሹም። በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራራ እንዲህ ያለውን ምግብ የሚሻ ሰው ብዙ ነው። ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች፣ ማለዳ ዳገቱ ላይ የሚለማመዱ ሯጮች፣ በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የሚመጡ ጎብኚዎች ሁሉ ጉልበት የሚሰጥ ቀላል ስንቅ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚህ በታች የተገለጸው ስንቅ የጭኮ ዘመድ ነው። በጭኮ በሶው በቅቤ ይታሻል። በዚህኛው ግን የቅቤውን ቦታ ኦቾሎኒ ይይዛል፤ ተምሩ ደግሞ ያጣፍጠዋል፣ ያያይዘዋልም። ስለዚህ በጾም ወራትም ይበላል። ማገዶ የሚፈጀው ገብሱና ኦቾሎኒው ሲቆላ ብቻ ነው።

2. የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአንድ ኪሎ ግራም ያህል ስንቅ፦
- ፍሬው የወጣለት ተምር፣ 400 ግራም
- የተቆላና የተላጠ ኦቾሎኒ፣ 350 ግራም
- በሶ፣ 250 ግራም
- ጨው፣ አንድ ቁንጥጫ

ገብሱ ከደጋው አካባቢ ይገኛል። ኦቾሎኒ በብዛት የሚመረተው በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በባቢሌ፣ በፈዲስና በጉርሱም አካባቢ ሲሆን ተምር በአፋር ይበቅላል፤ ከውጭ አገርም ይገባል። የተምር ዋጋ ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለዋወጥ ማኅበሩ ገበያውን አይቶ መግዛት ይኖርበታል።

3. ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ፦ ኦቾሎኒ መልቀም

ኦቾሎኒ በማሳ ላይ ድርቅ ሲያገኘው፣ ሲሰበር፣ ሳይደርቅ ሲከማች ወይም ለመፈልፈል እንዲመች በውሃ ሲርስ ይሻግታል። ከሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ከተበላም የጉበት ካንሰር ያመጣል። መቁላት መጠኑን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። በዓይን አይታይም፣ ጣዕሙም አያስታውቅም።

በመሆኑም የሚከተሉት ይፈጸሙ።

ሀ. የተፈጨ ወይም የተከካ ኦቾሎኒ አይገዛ። ሙቀጫ ነውርን ይሸፍናል፤ ከተወቀጠ በኋላ የተበላሸውን ከደኅናው መለየት አይቻልም።
ለ. ከመቆላቱ በፊት በብርሃን ቦታ በሰፌድ ተዘርግቶ አንድ በአንድ ይለቀም። የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ የበቀለና ነፍሳት የበሳው ይጣል።
ሐ. ተቆልቶ ከተላጠ በኋላ ሁለተኛ ይለቀም። ቀለሙ የተለወጠው በዚህ ጊዜ ይታያል።
መ. ተለቅሞ የወጣው ለዘይትም ለከብትም አይሰጥ። መርዙ በላም ወተት በኩል ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል።

መልቀም አደጋን ይቀንሳል እንጂ ፍጹም ዋስትና አይሆንም። ማኅበሩ በብዛት ለመሸጥ ሲነሣ ናሙናውን በላቦራቶሪ ማስመርመር አለበት።

4. አሠራር

ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋል። ኦቾሎኒው በመካከለኛ እሳት ተቆልቶ ሲቀዘቅዝ ይላጣል፤ ቅባቱ እስኪወጣ ድረስም ይወቀጣል። ተምሩ በንጹሕ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ፍሬው ወጥቶ ለብቻው ይወቀጣል። ቢደርቅ በውሃ አይዘፍዘፍ፤ በለብታ ምጣድ ጥቂት ይሙቅ። ከዚያ ሁሉም ከጨው ጋር አንድ ላይ ይታሻል። አልያያዝ ካለ ውሃ ሳይሆን ተምር ይጨመራል። ውሃ የገባበት ስንቅ ይሻግታል።

ሊጡ 25 ግራም እየተመዘነ ይድቦለቦላል፤ ከአንድ ኪሎ 40 ያህል ይወጣል። አንዱ ድብልብል 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ እሳት ስለማይነካው የሠራተኞቹ እጅ በሳሙና የታጠበ፣ ዕቃውም ንጹሕና ደረቅ ይሁን።

5. አቀማመጥና ሽያጭ

ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት እንዳይገባው ይጠበቅ። ከሁለት ሳምንት በላይ ለሽያጭ አይቆይ። በመያዣው ላይ የተሠራበት ቀንና «ኦቾሎኒ አለበት» የሚል ቃል ይጻፍ፤ ኦቾሎኒ ሲበሉ ሕይወታቸው አደጋ ላይ የሚወድቅ ሰዎች አሉና።

6. ለልማት ሠራተኞች

የለቀማ ሠራተኞች በኪሎ ሳይሆን በቀን ይከፈላቸው። በኪሎ የሚከፈላት ሠራተኛ የጣለችው ፍሬ ሁሉ ከገንዘቧ የተቀነሰ ስለሚመስላት እጇን ትሰበስባለች። ተለቅሞ የወጣው እየተመዘነ በመዝገብ ይያዝ፤ በመሸጫው ዋጋም ውስጥ ይታሰብ። ሠርቶ ማሳያ ሲደረግ ደኅናውና የተጣለው ፍሬ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ለአባላቱ ይታይ። ወጪው በመጀመሪያ ኪሳራ ይመስላል፤ ነገር ግን የማኅበሩን ስም የሚጠብቀው፣ ከሁሉም በላይ ስንቁን ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጅ ከመርዙ የሚከላከለው ይኸው ለቀማ ነው።