የቅድመ አያታችሁን አባት ታውቋቸዋላችሁ?



በምትኖሩበት አገር ትምህርት ቤት «የቤተሰባችሁን የዘር ሐረግ ሠርታችሁ ኑ» ተብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ጓደኞቻችሁ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የሕዝብ ቆጠራ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። የእኛ አገር የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ግን የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ታዲያ በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩ አያቶቻችንን በምን እናገኛቸዋለን? በስም፣ በሒሳብና በጥያቄ።

በስም እንጀምር። ፓስፖርታችሁ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም የተጻፈው፣ ብዙውን ጊዜ የአያታችሁ የራሳቸው ስም ነው። እሱን ይዛችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ። ድሮ ልጆች እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ይማሩ ነበር። አንደኛው ምክንያት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ሌላው ምክንያት መሬት ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ርስት ይገባኛል የሚል ሰው ትውልዱን መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አባት ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይሄ ክርክር ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ትውልድ በደንብ መቁጠር የሚችሉት በዕድሜ የገፉት ናቸው።

ቀጥሎ ሒሳብ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህቺን ክፍል እወዳታለሁ። ከአንድ ትውልድ እስከ ሌላው 30 ዓመት እንያዝ። በ2007 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ አባቷ ወደ 1977፣ አያቷ ወደ 1947፣ ቅድመ አያቷ ወደ 1917፣ የእሳቸው አባት ወደ 1887፣ ስድስተኛው ሰው ደግሞ ወደ 1857 ዓ.ም. ይወለዳሉ ማለት ነው። እኚህ ሰው አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. የሦስት ዓመት ሕፃን፣ አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. የ31 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። አያችሁ? ስም ብቻ የነበረው ሰው ዕድሜ አገኘ።

ሒሳብ የተሳሳተ ወሬም ያርማል። «አያቴ አድዋ ዘምተዋል» ከተባላችሁና አያትየው የተወለዱት በ1900 ዓ.ም. ከሆነ አይሆንም። ምናልባት የዘመቱት አባታቸው ናቸው፤ ወይም እሳቸው የዘመቱት በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ነው። ደግማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት ላያስታውሱ ይችላሉ፤ የሆነውን ነገር ግን ያስታውሳሉ። «መቼ ተወለዱ?» ከማለት «ከክፉ ቀን በፊት ነው በኋላ?» በሉ። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ትልቅ ረሃብ ነው። ከውጭ የገባ የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ብዙ ቤተሰብ አገሩን ለቆ የተሰደደው ያን ጊዜ ነው።

ስሞቹንም አትደበላልቁ። አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል። ካሣ፣ ቴዎድሮስ፣ አባ ታጠቅ የሚባሉት ሦስት ሰዎች አይደሉም፤ አንድ ንጉሥ ናቸው።

የእናቶችን ወገን አትርሱ። አፄ ኃይለ ሥላሴን ተመልከቱ። ተፈሪ መኰንን ወልደ ሚካኤል ብለን ብንቆጥር የሸዋውን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አናገኛቸውም። የምናገኛቸው የራስ መኰንን እናት ማን ናቸው ብለን ስንጠይቅ ነው፤ ወይዘሮ ተናኘወርቅ የንጉሡ ልጅ ነበሩና። ንጉሠ ነገሥቱ ከሸዋ ነገሥታት የተወለዱት በሴት አያታቸው በኩል ነው። የአባቶችን ስም ብቻ የጻፈ የቤተሰቡን ግማሽ ጣለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትጠይቁ ሽማግሌዎቹ ዝም የሚሉበት ቦታ ይኖራል። ድሮ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ ይናቁ ነበር፤ በባርነት የተሸጡም ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ በቤታችሁ ከተገኘ አትፈሩ፣ አታፍሩ፣ ስማቸውን ጻፉ። ያለብሰው፣ ማረሻ የሠራው፣ ድስት የሰጠን እነሱ ናቸው። ራስ ወይም ደጃዝማች ካልተገኘ የዘር ሐረጉ ጎደለ ማለት አይደለም።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኸውና። ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ አያታችሁ ዘንድ ስልክ ደውሉ፤ አያት ከሌሉ ታላቅ አክስት ወይም አጎት ዘንድ። ሰላምታ ከሰጣችሁ በኋላ እነዚህን ጠይቁ፦

1. የአያትዎ አባት ስማቸው ማን ነበር? እናታቸውስ?
2. የየት አገር ሰው ነበሩ? ሥራቸው ምን ነበር?
3. ከክፉ ቀንና ከአድዋ በፊት ነው በኋላ የተወለዱት?
4. የት ተቀበሩ?

መልሱን ቅዱ፤ በደብተራችሁም በአማርኛ ጻፉ፤ የነገሯችሁን ሰው ስምና ቀኑንም ጨምሩ። ከዚያ ሌላ ዘመድ ጠይቃችሁ አስተያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱን አትሰርዙ፤ ሁለቱንም ጻፉ።

ወረቀት ቢዘገይም መዝገብ ቤት ይቆየናል፤ አያት ግን አይቆዩንም። እባካችሁ ለክረምት ዕረፍት አታቆዩት፤ በዚህ ሳምንት ደውሉ።